አዋጅና ስንቅ፦ ከደረስጌ እስከ ግጭ

የመንግሥት ዜና በሀገራችን ከሁለት አይወጣም። መሪው እዚህ ቦታ ተገኝተው ሕዝቡን አነጋገሩ የሚለው አንዱ ነው፤ እንዲህ ያለ ፖሊሲ ይፋ ሆነ የሚለው ሁለተኛው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ቴሌቪዥን ባልነበረበት ዘመን ነጋሪት ይጎሰም ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የሕግ ጋዜጣችንም ስሙን የወረሰው ከዚያው ከበሮ ነው። በአዋጁ ዕለት ሁላችንም ጆሯችንን እናቆማለን። ነጋሪቱ ዝም ካለ በኋላ ስለሚሆነው ግን እምብዛም አንጠይቅም። ይህን ጥያቄ ለማንሣት ከሰሜን ተራሮች የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ከደባርቅ በስተምሥራቅ፣ በጃናሞራ ምድር፣ የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። ያሳነጿት የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሲሆኑ፣ ንግሣቸውን በዚያ ሊፈጽሙ አስበው እንደነበር ይነገራል። ይሁን እንጂ በየካቲት 1847 ዓ.ም. የቋራው ካሣ ኃይሉ ውቤን እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አድርገው ማረኳቸው። በቀናት ውስጥም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ውቤ በደገሱት ድግስ ካሣ ነገሡ።

አዲሱ ንጉሥ ዘውድ በመጫን ብቻ አልተወሰኑም፤ ዛሬ ፕሮግራም የምንለውንም ይዘው ቀረቡ። በዚያው ዓመት የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ለመንግሥቱ የላከው ዘገባ ዋና ዋናውን ይነግረናል። ወንበዴነት ቀርቶ ነጋዴው ወደ ንግዱ፣ ገበሬው ወደ እርሻው እንዲመለስ ታወጀ። የባሪያ ንግድ ተከለከለ። ወታደሩም ባላገሩን እየዘረፈ መኖሩን ትቶ ደመወዝ ተቆርጦለት በሥርዓት እንዲተዳደር ታቀደ። የአዋጁ ትርጉም ለሰሜን ሰው ግልጽ ነበር። ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚጓዘው ሲራራ ነጋዴ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ፣ የሊማሊሞን ገደል ወርዶ፣ በድብ ባሕር በኩል ወደ ተከዜ ያቀና ነበር። በዚህ መስመር ጦር ባለፈ ቁጥር የገበሬው ጎተራ ይራቆታል፤ መንገዱ በታመሰ ቁጥርም ነጋዴው ጭነቱን ያጣል። እንግዲህ የንጉሡን ቃል የማይወድ ማን ነበር?

ታዲያ ምን ጎደለ? የጎደለው ስንቅ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ሠራዊት ግምጃ ቤት ይፈልጋል፤ ግምጃ ቤት ደግሞ ግብር የሚገብር መሬት ይሻል። ከመሬቱ ሰፊ ክፍል በቤተ ክርስቲያን እጅ ነበር። ንጉሡ ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ለገበሬ ተሰጥቶ ይገብር አሉ። ካህናቱ አሻፈረን አሉ። በ1848 ዓ.ም. የተጀመረው ክርክር በ1852 ዓ.ም. መሬቱን ወደ መውረስ ደረሰ። ንግሡ የተፈጸመበት ሰሜን ራሱ የውቤን ዘመድ አገው ንጉሤን ተከትሎ እስከ 1853 ዓ.ም. በዐመፅ ቆየ። ንጉሡን በደረስጌ የቀቧቸው አቡነ ሰላማ መቅደላ ላይ ታስረው በ1860 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን የ1859ኙ ነው፤ ዘረፋን በአዋጅ የከለከሉት ንጉሥ ጎንደርን በገዛ ወታደሮቻቸው አዘረፉ፣ አቃጠሉም።

“ቴዎድሮስ ከዘመናቸው የቀደሙ ነበሩ” ማለት ለምደናል። አባባሉ ያጽናናል፤ ውድቀቱን ግን አያስረዳም። የማይዘረፍ ጎተራና የተከፈተ መንገድ የዚያ ዘመን ገበሬም የሚመኛቸው ነገሮች ነበሩ። ችግሩ ወጪው ከየት እንደሚመጣ አለመታወቁ፣ ከታወቀም በኋላ ከከፋዩ ጋር ስምምነት አለመደረሱ ነው። ስምምነት በጠፋበት ጉልበት ቦታውን ያዘ።

ከመቶ ዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ በ1962 ዓ.ም. በዚሁ ተራራ ላይ ሌላ አዋጅ ወጣ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በነጋሪት ጋዜጣ የታወጀው የሰሜን ብሔራዊ ፓርክ፣ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ለዋልያና ለቀይ ቀበሮ ከለለ። ዓላማው የሚነቀፍ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ሆኖም በዚያው መሬት ገብስ የሚዘሩና ከብት የሚያግዱ ሰዎች ነበሩ። በደርግ ዘመን ከፓርኩ ሰሜናዊ ቆላ ነዋሪዎች በኃይል ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1996 ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ሰፈረ። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ካሳ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደረገ፤ በዓመቱ ፓርኩ ከአደጋ መዝገቡ ወጣ። ዜናው አስደሳች ነበር፤ የዜናው ዋጋ ግን በዚያ መሬት ላይ ኑሮውን በመሠረተው ገበሬ ትከሻ ላይ ወደቀ። ካሳ በአንድ ጊዜ ይከፈላል፤ የእርሻ መሬት ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው።

በደረስጌና በግጭ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ መሆኑ አይካድም። አንዱ መንግሥትን እንደ አዲስ ለማቆም የተደረገ ሙከራ ነው፤ ሌላው የአንድ ፓርክ ጉዳይ። የሚያመሳስላቸው የሐሳቡ መልካምነት ሒሳቡን እንድንረሳ ማድረጉ ነው። ስለዚህ መሪ ከሕዝብ ፊት ቆሞ አዲስ ነገር በሚያበስርበት ቀን፣ ከማጨብጨባችን በፊትም ሆነ ከማውገዛችን በፊት፣ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ስንቁ ከየት ይመጣል? የሚከፍለው ማን ነው? ከፋዩስ ተጠይቆ እሺ ብሏል ወይ? መልስ የሌለው አዋጅ ቃሉ ምንም ያህል ቢያምር መጨረሻው ጎተራ መዝረፍ እንደሆነ የሰሜን ታሪክ ይመሰክራል።

ቸር ያሰማን።