የነጃሺን ድል ያበሰረው ዋናተኛ፦ ዋና በትምህርት ቤት ግዴታ ይሁን?



ሰሞኑን ፒያሳ ውስጥ ከዐስር ሶላት በኋላ ጥቂት ወጣቶች ከበው ያዙን። የአንዱ እኅት የምትማርበት የግል ትምህርት ቤት ዋናን ለሁሉም ተማሪ ግዴታ አድርጎታል። ወንድና ሴት አንድ ላይ ነው የሚገቡት። አባት «ልጄ አትገባም» ብለዋል፤ ልጅቷ ግን መማር ትፈልጋለች። ወንድሟ «ኡስታዝ፣ ለመሆኑ ዋና የእኛ ነገር ነው ወይስ የፈረንጅ?» አለን። ለችኮላ መልስ የሚሆን ጥያቄ አልነበረምና ዛሬ ታሪክን ይዘን እንመለስበታለን።

ታሪኩ የሚጀምረው እዚሁ ሐበሻ ምድር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ615 የመጀመሪያዎቹ ሙሃጅሮች ባሕር ተሻግረው በንጉሥ ነጃሺ ጥላ ሥር ተጠለሉ። እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ያኔ ከስደተኞቹ አንዷ ነበሩ። ኢብኑ ኢስሓቅ በሲራው እንዳስተላለፈው፣ አንድ ባላንጣ በነጃሺ ላይ ተነሣ። ሙስሊሞቹ እንደዚያ ቀን አዝነው አያውቁም፤ ባላንጣው ቢያሸንፍ መብታቸውን የሚያውቅላቸው አልነበረምና። ነጃሺ ዘመቱ። በሙስሊሞቹና በጦር ሜዳው መካከል ግን የኒል ወንዝ ነበር። ማን ሄዶ ወሬ ያምጣ ተባለ። በዕድሜ ከሁሉም ታናሽ የሆነው ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) «እኔ» አለ። የቆዳ ስልቻ በአየር ነፍተው ሰጡት፤ በደረቱ ሥር አድርጎ ወንዙን ዋኝቶ ተሻገረ። የቀሩት ለነጃሺ ዱዓ ያደርጉ ነበር። ዙበይር ውጊያውን አይቶ፣ ልብሱን እያውለበለበ እየሮጠ መጣና የነጃሺን ድል አበሰራቸው።

አስተውሉ። የሐበሻ የመጀመሪያው ሙስሊም ጀማዓ በጭንቅ ቀኑ ሁለት ነገር ነበረው፤ ዱዓና ዋና የሚችል ወጣት። አንዱ ሌላውን አልተካም። ስልቻውም ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም፤ ከጎጃም ወዲህና ወዲያ ዓባይን የሚሻገሩ ነጋዴዎች ለረጅም ዘመን በተነፋ ቆዳ ይጠቀሙ ነበር። ኢማም ነሳኢይ የዘገቡት ሐዲስም ዋና መማርን ከከንቱ ጨዋታ ለይቶ ያወጣዋል። ልጆችን ዋና አስተምሩ የሚለው ምክርም ወደ ዑመር (ረ.ዐ) ተጠግቶ በሰፊው ይነገራል። ስለዚህ ለወንድማችን የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው፤ ዋና የእኛም ነው።

ግዴታውስ? ለዚህ ከፒያሳ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እዚሁ አራዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት የቤተ ክርስቲያን አባቶች የፈረንጅ አስኳላ ልጆችን ከሃይማኖት ያስወጣል ብለው ሠግተው ነበር። ንጉሡ ትምህርቱን አልተዉም፤ ሥጋቱንም አልናቁም። ወላጅ የሚያምናቸውን መምህራን ከግብፅ ኮፕቶች አስመጡ፤ በሐና ሳሊብ መሪነት ትምህርቱ ተጀመረ። ትምህርቱን ያስቻለው የአሰጣጡ መስተካከል ነበር።

የእኛ አባቶችም ሠግተዋል። በንጉሡ ዘመን ብዙ ሙስሊም ወላጅ ልጁን ከአስኳላ አስቀርቶ በቁርኣን ቤት ብቻ አሳድጓል። ሥጋቱ መሠረት ነበረው፤ ዲናቸውን የሚጠብቅላቸው ዝግጅት አልነበረምና። ዋጋው ግን ከባድ ሆነ፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በዩኒቨርሲቲ ቁጥራችን አነሰ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊም በገፍ አደባባይ ወጥቶ እኩልነትን ጠየቀ። ዛሬ ዒዶቻችን የሕዝብ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። የቀረ አላገኘም፤ የጠየቀ ነው ያገኘ።

በአውሮፓ ይኸው የዋና ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሷል። የጀርመን ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1993 ትምህርት ቤቱ ሴቶችን ለብቻ ማስተማር ካልቻለ ሙስሊሟ ተማሪ ከስፖርት ክፍለ ጊዜው ነፃ ትሁን ብሎ ነበር። በ2013 ግን ገላን የሚሸፍን የዋና ልብስ እስካለ ድረስ ትገባለች አለ። በስዊዘርላንድ የባዝል ከተማ ወላጆች ልጆቻቸውን ከድብልቅ ዋና አስቀርተው ተቀጡ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. ጥር 2017 ፈረደባቸው። ፍርዱን አንወደውም፤ ሴቶቹን ለብቻ ማስዋኘት የሚያቅት ነገር አልነበረምና። ነገር ግን አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ነገሩ ከከረረ በኋላ ዳኛው የሚያየው የወላጅን ሐያእ ሳይሆን የትምህርት ቤቱን ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ተቀምጦ መነጋገር ይሻላል።

ለምን ይህን ያህል እንለፋለን? ነፍስ ስለሆነ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓመት ወደ 300 ሺህ ሰው ሰጥሞ እንደሚሞት ያሳያል። ድርጅቱ ለተማሪዎች የዋናና የውኃ ደኅንነት ትምህርት እንዲሰጥ ይመክራል። በከተማችንም በክረምት ውኃ ባቆረ የካባ ጉድጓድ ሊታጠቡ የገቡ ልጆች ሬሳቸው የሚወጣበትን ወሬ ሰምተን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በጅቡቲ ዳርቻ፣ በነሐሴ 2025 በየመን ዳርቻ ጀልባ ተገልብጦ ያለቁት አብዛኞቹ የእኛው አገር ልጆች ናቸው። ዋና ማወቅ ሁሉንም ያድን ነበር አንልም፤ አጀል በአላህ እጅ ነው። ሰበብ ማድረስ ግን ታዘናል። ከሸሪዓ ዓላማዎች አንዱም ነፍስን መጠበቅ ነው።

እንግዲህ የእኛ አቋም ይህ ነው። ዋና ግዴታ ይሁን፤ ድብልቅነቱና መራቆቱ ግን ግዴታ አይሁን። ለሴቶች የተለየ ሰዓት፣ ሴት አሠልጣኝ፣ ዐውራን የሚሸፍን ልብስ ይፈቀድ። ይህ ልመና አይደለም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ወላጅ ልጁን በእምነቱ የማሳደግ መብቱን ያውቅለታል። ለዚያች እኅታችን አባትም ያልነው ይህንኑ ነው፦ «ጋሼ፣ ልጅዎን ከማስቀረትዎ በፊት ሌሎች ወላጆችን ይዘው ርእሰ መምህሩ ዘንድ ይግቡ፤ ሰዓት እንዲለዩ ይጠይቁ።»

መዋኛ በሌለው ትምህርት ቤት ለምትማሩትም የቤት ሥራ አለ። ይህች ከተማ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃ ወርደው ስፍራውን ስለወደዱት ነው፤ ውኃው ዛሬም አለ። የመስጂድ ወጣቶች ገንዘብ አዋጥተው የአንድ መዋኛ የጥቂት ሰዓት ኪራይ መክፈል አያቅታቸውም፤ አንዱ ሰዓት ለወንድሞች፣ ሌላው ለእኅቶች። ዙበይር እኮ «እኔ» ያለው ስልቻው ከመነፋቱ በፊት ነው።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን፤ ከመስጠም ሞትም ይጠብቀን። ወላሁ አዕለም።