ከአዲስ አበባ አሥመራ፦ የሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ታሪክ

የአዲስ አበባና የአሥመራ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተሠሩ ናቸው። በመካከላቸው ያለው የአየር ርቀት ወደ 700 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ አቅጣጫውም በቀጥታ ወደ ሰሜን ነው ለማለት ይቻላል። ርቀቱ ከጥንት ጀምሮ ያው ነው። መንገዱ የሚፈጀው ጊዜ ግን በየዘመኑ ተለዋውጧል።

በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጉዞውም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር። አውሮፕላኑ ከጦርነቱ የተረፈ ዳግላስ ሲ-47 ነበር፤ መንገደኞቹም በግራና በቀኝ ግድግዳው ላይ በተዘረጉ አግዳሚ ወንበሮች ፊት ለፊት ይቀመጡ ነበር። በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚበር አውሮፕላን እስከ አሥመራ ያለው መንገድ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ይህም ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውንና ተራራ የበዛበትን የመኪና መንገድ በቀናት ይቈጥር ለነበረ ሰው ትልቅ ለውጥ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የጄት ዘመን ነው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ የሞተሩ ኃይልና የክንፉ የመሸከም አቅም ይቀንሳል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል። የልደታ ሜዳ ለቦይንግ 720 የማይበቃ በመሆኑ የቦሌ ማረፊያ ተሠራ፤ የጄት አገልግሎትም በ1955 ዓ.ም. ተጀመረ። ይሁን እንጂ ጄት በፍጥነት ሲ-47ን ሦስት እጥፍ ቢበልጥም፣ የአሥመራን ጉዞ ሲሶ አላደረገውም። መንገዱ አጭር ስለ ሆነ አብዛኛው ጊዜ ለመውጣትና ለመውረድ ይውላል፤ ጉዞው ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለውጥ ያመጣው ሞተር አይደለም። በ1938 ዓ.ም. አሥመራ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ስለ ነበረች በረራው ድንበር ተሻጋሪ ነበር። በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽኑ ምክንያት የአገር ውስጥ በረራ ሆነ፤ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ተመልሶ ድንበር ተሻጋሪ ሆነ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነት በተነሣ ጊዜ መሥመሩ ተዘጋ፤ ለሃያ ዓመትም ተዘግቶ ቈየ።

በእነዚያ ዓመታት ዘመዱን ለመጠየቅ የፈለገ ሰው በሦስተኛ አገር መዞር ግድ ሆነበት። ለምሳሌ በካይሮ በኩል ቢሄድ፣ ወደ ካይሮ 2,475 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ወደ አሥመራ 1,820 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ነበረበት፤ ድምሩ ወደ 4,300 ኪሎ ሜትር፣ ይኸውም የቀጥታው መንገድ ስድስት እጥፍ ነው። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በረራው ሲከፈት የመንገደኛው ብዛት ሁለት አውሮፕላን አስነሣ፤ የሃያ ዓመት ናፍቆትም በአንድ ሰዓት ጉዞ ተቋጨ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ግን የአየር መንገዱ በረራ እንደገና ተቋረጠ።

መሐንዲስ ሜዳውን ያስረዝማል፣ ሞተሩን ያሻሽላል፣ ከጉዞውም ደቂቃዎች ይቀንሳል። ሰማዩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ግን የሰዎች ስምምነት ነው።