ጉልባን በብድር አይቀቀልም

በሰሞነ ሕማማት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ግብረ ሕማማት ይነበባል፣ ይሰገዳል። በጸሎተ ሐሙስ ደግሞ ከባቄላና ከስንዴ የተቀቀለ ጉልባን በየቤቱ ይቀርባል። እስራኤላውያን ከግብፅ ባርነት ሲወጡ ሊጡ እስኪቦካ ለመጠበቅ ጊዜ እንዳላገኙ ኦሪት ዘጸአት ይናገራል፤ እናቶቻችን ያንን ችኮላ በንፍሮ ሲያስታውሱ ኖረዋል። ጉልባን ባለው ቤትም በሌለው ቤትም አንድ ነው፤ ማንም ተበድሮ አይቀቅለውም።

በዚያው ሳምንት ግን ለፋሲካ ዶሮና በግ ብለን ከማኅበራችን ሣጥን የምንበደር ብዙ ነን። ለጉሊትና ለእንጀራ ሥራ የተቀመጠው ገንዘብ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ዕዳው ግን እስከ ክረምት ይከተለናል። በ55ቱ የጾም ቀናት ከሥጋና ከቅቤ የተረፈንን እያጠራቀምን ቅርጫ ብንገባ በዓሉ አይጎድልብንም። ከባርነት የመውጣትን መታሰቢያ በልተን ዕዳ ውስጥ አንግባ።