ከማሳ እስከ ጎተራ፦ የኃይሌ ገሪማ የፊልም ሕይወት

ኃይሌ ገሪማ በ1946 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጎንደር ሲወለዱ ከጣሊያን ወረራ ነፃ ከተወጣ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። አባታቸው ገሪማ ታፈረ በአርበኝነት የተዋጉ፣ የአካባቢውን ተጋድሎ «ጎንደሬ በጋሻው» በተሰኘው መጽሐፋቸው ያቆዩና ቴአትር እየደረሱ ለሕዝብ የሚያሳዩ ሰው ስለነበሩ፣ ልጃቸው ታሪክን ባለቤቱ ራሱ ሊጽፈውና መድረክ ላይ ሊያቆመው እንደሚገባ የተረዱት በቤታቸው ነው።

በ1967 ለቴአትር ትምህርት ወደ ቺካጎው ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ሄዱ፤ በዚያ ለጥቁር ተማሪዎች የሚሰጠው ሚና በአብዛኛው የአገልጋይነት ሆኖ ስላገኙት ግን በ1970 ፊታቸውን ወደ ሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲና ወደ ፊልም አዞሩ። እዚያም ከቻርልስ በርኔት፣ ከላሪ ክላርክና ከሌሎች ጋር፣ በኋላ «የሎስ አንጀለስ ዐመፅ» የሚል ስያሜ የተሰጠውን፣ ማለትም የሆሊውድን የአተራረክ ሥርዓት ትተው የጥቁሮችን ሕይወት ከውስጥ ለማሳየት የተነሡ ወጣት ፊልም ሠሪዎችን እንቅስቃሴ መሠረቱ። «ቡሽ ማማ» የተባለው ፊልማቸው የሚከፈተው የከተማዋ ፖሊሶች የኃይሌን የቀረጻ ቡድን አስቁመው ሲፈትሹ በሚያሳይ እውነተኛ ምስል ነው።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ ጥልቁ ግን «ምርት 3000 ዓመት» ነው ማለት ይቻላል። በ1974 የዘውዱ ሥርዓት እየፈረሰ ደርግ ገና ሳይደላደል በነበረበት ወቅት፣ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በሙያ ተዋናይ ያልሆኑ ሰዎች ተሳትፈውበት የተቀረጸው ይህ ሥራ፣ ለባላባት እየገበረ የሚኖር የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ ጭሰኛ ማለት የሌላውን መሬት እያረሰ ከምርቱ ለባለመሬቱ የሚያካፍል ገበሬ ነው። ካሜራው በጥማዱ ርምጃ ልክ በዝግታ ስለሚሄድ፣ ተመልካቹ ድካሙን በትከሻው ይሸከመዋል፤ በሎካርኖ ፌስቲቫል መሸለሙም ያንን ትዕግሥት የዋጀ ነበር። የፊልሙ ጥያቄ፣ አራሹ ያመረተው ለምን ወደ ሌላ ሰው ጎተራ ይገባል የሚለው፣ ኋላ የኃይሌ የራሳቸው የሙያ ጥያቄ ሆነ።

ይህ በግልጽ የታየው «ሳንኮፋ» በተባለው ፊልማቸው ነው። ቃሉ በጋና ከአካን ቋንቋ የተገኘ ሲሆን፣ ወደ ኋላ ተመልሶ የተረሳውን ማንሣት የሚል ትርጉም ይዟል፤ ፊልሙም ባሮች ይጫኑበት በነበረ የጋና ጥንታዊ ምሽግ ውስጥ ፎቶ ስትነሣ የነበረች የዘመኑ ሴት፣ ወደ ቅድመ አያቶቿ የባርነት እርሻ ተመልሳ በዚያ ስትኖር ያሳያል። በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቢቀርብም የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊት ነሡት። ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ግን ፊልሙን ለማንም አሳልፈው ሳይሰጡ ሲኒማ ቤቶችን እየተከራዩ፣ የጥቁሮችን አብያተ ክርስቲያናት፣ መምህራንና የማኅበረሰብ ቡድኖች እያስተባበሩ ራሳቸው ከከተማ ወደ ከተማ አሳዩት፤ ተመልካቹም ሰልፍ ይዞ መጣ። ከዚያም ከ1975 ጀምሮ ካስተማሩበት ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በዋሽንግተን፣ በዚሁ ፊልም ስም የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፈቱ። ፊልም መሥራት ብቻውን ነፃነት አይደለም፤ ማሳያውንም መያዝ ያስፈልጋል የሚለው የኃይሌ አቋም፣ ከየትኛውም ጽሑፍ ይልቅ በዚህ ሥራ ተነግሯል።

በ1999 «ዓድዋ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም፣ በ2008 ደግሞ «ጤዛ»ን አቀረቡ። ጀርመን ተምሮ ወደ መንደሩ የተመለሰው አንበርብር፣ የደርግን ዘመን ጥፋትና በአውሮፓ የደረሰበትን የዘረኝነት ጥቃት እየተሸከመ ሲኖር የሚያሳየው ይህ ፊልም፣ አብዮቱን አምኖ በአብዮቱ የተሰበረውን ትውልድ ያለ ጥላቻና ያለ ማድበስበስ ስለተመለከተ፣ በአማርኛ ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ ከፍተኛ ቦታ ይገባዋል። በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን፣ በ2009ም በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቁን የየኔንጋ የወርቅ ፈረስ ሽልማት አገኘ።

አከፋፋይ አጥቶ የነበረው «ሳንኮፋ» ምስሉ ታድሶ ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ በኔትፍሊክስ ለተመልካች ቀረበ።