ቅድሚያውን የሚወስነው ማን ነው? የ1964ቱ ደብዳቤና የቃሊቲው ባቡር

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አገልግሎት ሲጀምር፣ በቅድሚያ የተከፈተው ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የሚደርሰው መስመር ነበር። ለፕሮጀክቱ ከወጣው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር 85 በመቶው ከቻይና ኤክስፖርትና ኢምፖርት ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ሐዲዱን የዘረጋው የቻይና ተቋራጭ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራውን የመሩትም የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። ታክሲ በመጠበቅ ብዙ ሰዓት ለሚያጠፋው የቃሊቲ ነዋሪ መስመሩ እፎይታ ሆነለት። ሆኖም ብዙ ዓመት ሳይቆይ፣ ከተገዙት 41 ባቡሮች የሚበዙት በመለዋወጫ እጥረትና በጥገና ጉድለት ከሥራ ወጡ። ዕዳው ግን አብሯቸው አልቆመም።

ይህን የምናነሣው ባቡሩን ለመንቀፍ ወይም ቻይናን ከሌሎች ለይተን ለመውቀስ አይደለም። በበለጸጉና በታዳጊ አገሮች መካከል ያለው ግንኙነት ዛሬ «አጋርነት» ይባላል። ገንዘቡን የሚያቀርበው ወገን ዕውቀቱንም መለዋወጫውንም ከያዘ ግን፣ የተቀባዩ ድርሻ ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ባቡሩ ከመምጣቱ ከአርባ ዓመት በፊት በአንዲት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ ነበር።

ግንቦት 1 ቀን 1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ መሪዎች፣ በወንጌል ስብከትና በሰብዓዊ ልማት መካከል ስላለው ግንኙነት መቀመጫው ጄኔቫ ለሆነው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ላኩ። በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንቱ አቶ አማኑኤል አብርሃም፣ ዋና ጸሐፊው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። ለደብዳቤው መነሻ የሆነው ጠቅላላ ጉባኤው በጥር 1963 ዓ.ም. ያሳለፈው ውሳኔ ነው። የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት የርዳታ ድርጅቶች፣ በተለይም የጀርመኖቹ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለእርሻ ሥራ ገንዘብ ይሰጡ ነበር። ወንጌላውያንን ለማሠልጠንና ጸሎት ቤት ለመሥራት ሲጠየቁ ግን መመሪያቸው አይፈቅድም ነበር። ምእመናን በየገጠሩ በሚበዙበት በዚያ ዘመን፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ክሊኒክ የሚያሠራ እንጂ አማኞችን የሚያስተምር አገልጋይ የምትቀጥርበት ገንዘብ አጣች።

መሪዎቹ ልማትን አልተቃወሙም። የተቃወሙት ሰውን ሥጋና ነፍስ ብሎ ለሁለት የሚከፍለውን አስተሳሰብ ነው። የውስጥ ሰውነቱ ያልታደሰ ሰው የሚያካሂደው ልማት ጤናማና ዘላቂ አይሆንም ሲሉ ተከራከሩ። ከዚህ ጋር ሌላ ጉዳይ ተያይዞ ነበር፤ የአፍሪካዊውን ፍላጎት ምንነት የሚበይነው ራሱ ነው ወይስ በአውሮፓ የተቀመጠው ለጋሽ? ፌዴሬሽኑም ጉዳዩን ችላ አላለውም። በጥቅምት 1967 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ በዚሁ ርእስ የምክክር ጉባኤ ተካሄደ።

በዚያው ዘመን ኬንያዊው ጆን ጋቱ፣ ከውጭ የሚላኩ ሚስዮናውያንና ገንዘብ ለጊዜው እንዲቆሙ ጥሪ አቅርበው ነበር። መካነ ኢየሱስ የመረጠችው ሌላ መንገድ ነው፤ ግንኙነቱ እንዲቋረጥ ሳይሆን እንዲታረም ጠየቀች። እዚህ ላይ ግን የደብዳቤውን ውስንነት መሸሸግ አይገባም። ደብዳቤው የመወሰን መብት ጠየቀ፤ የሚወሰንበት ገንዘብ ግን አሁንም ከውጭ የሚመጣ ነበር። ቄስ ጉዲና በቀጣዮቹ ዓመታት ራስን የመቻልን ጉዳይ ለውይይት ማቅረባቸው ይህን ጉድለት መገንዘባቸውን ያሳያል። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። የጀመሩት ውይይትም መሪውን አጣ።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 እና 9 ስለ ኢየሩሳሌም ቅዱሳን ርዳታ ሲጽፍ በቅድሚያ ያነሣው ሀብታሞችን ሳይሆን ድሆቹን የመቄዶንያ ሰዎች ነው። ዓላማው እኩልነት እንደ ሆነ ይናገራል፤ የዛሬው ሰጪ ነገ ተቀባይ ሊሆን ይችላልና። ገንዘቡን ከሚያደርሱት መካከል አንዱን የመረጡትም አብያተ ክርስቲያናቱ ናቸው። በዚህ ሥርዓት ድሀ መሆን የመስጠትንም ሆነ የመወሰንን ድርሻ አያስቀርም።

ከባቡሩም ከደብዳቤውም ለአጥቢያዎቻችን የሚተርፍ ትምህርት አለ። የቃሊቲ አንዲት አጥቢያ ነገ ከውጭ አጋር የክሊኒክ ወይም የውኃ ጉድጓድ ውል ቢቀርብላት፣ ሽማግሌዎቿ ከመፈረማቸው በፊት ሊመልሷቸው የሚገቡ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ይህን ሥራ ያስቀደምነው እኛ ነን? አጋሩ ሲሄድ የሚጠግነው ማን ነው? ከእኛ በኩል የሚሰጠውስ ምንድን ነው? ለሦስተኛው መልስ ያላገኘች አጥቢያ ለጊዜው ፊርማዋን ብታቆይ ይሻላታል።