የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የኮንሰርት ወቅትና ደጋፊዎቹ

የቦስተን ሲምፎኒ በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1881 የተመሠረተ ኦርኬስትራ ነው። ዋናው የኮንሰርት ወቅቱ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ፣ በ1900 በተከፈተው ሲምፎኒ አዳራሽ ይካሄዳል። የአዳራሹን የድምፅ ጥራት ያጠናው የሃርቫርዱ የፊዚክስ ሊቅ ዋላስ ሳቢን ነው፤ ከመድረኩ በላይ የተጻፈውም የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው፦ ቤትሆቨን።

መሥራቹ ሄንሪ ሊ ሂጊንሰን በወጣትነቱ በቪየና ሙዚቃ ተምሮ በኋላ ባለባንክ ሆነ። የትኬት ገቢ ወጪውን ስለማይሸፍን እስከ 1918 ድረስ ጉድለቱን ከኪሱ ሞላ። አቅም የሌለውም እንዲሰማ 25 ሳንቲም የሚከፈልባቸው መቀመጫዎች እንዲለዩ ማድረጉ ከሁሉ የላቀ ውለታው ነው።

ኦርኬስትራው ሐምሌና ነሐሴን ታንግልዉድ በተባለ ቦታ በሚካሄድ የሙዚቃ ፌስቲቫል ያሳልፋል። ቦታው የታፓን ቤተሰብ ስጦታ ሲሆን፣ በነሐሴ 1937 በድንኳን ውስጥ የቫግነር ሥራዎች ሲቀርቡ ኃይለኛ ዝናብ ወረደ። ድንኳኑ አፈሰሰ፤ የነጎድጓዱ ድምፅ ሙዚቃውን ዋጠው፤ ሙዚቀኞቹም ለማቋረጥ ተገደዱ። የፌስቲቫሉ መሪ ገርትሩድ ሮቢንሰን ስሚዝ እዚያው መድረክ ላይ ወጥታ ለቋሚ መጠለያ የሚሆን ገንዘብ እንዲዋጣ ታዳሚውን ጠየቀች። ጎኑ ክፍት የሆነው፣ አምስት ሺህ ያህል ሰው የሚይዘው አዳራሽ በነሐሴ 1938 ተመረቀ። በዙሪያው ባለው ሣር ላይም ቤተሰቦች ምንጣፍ አንጥፈው፣ ምግባቸውን ይዘው ያዳምጣሉ።