ማን አመጣው?

ከአርባ ምንጭ ወደ ጂንካ በሚሄድ አውቶብስ ውስጥ ነኝ። ወይጦ ቆላ ላይ ስንደርስ ሙቀቱ አላስቀምጥ አለኝና መስኮቱን ገርበብ አደረግኩት። ወዲያው ከኋላዬ የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ ዝጋው እባክህ፣ ንፋስ ይመታናል!» አሉኝ። «ልጄ» ተብሎ እምቢ ይባላል እንዴ? ዘጋሁት። አጠገቤ የነበረው ወጣት የጤና ባለሙያ ሳቅ ብሎ «ንፋሱስ ባልከፋ፤ የሚመታን እርስ በርስ የምንተነፋፈሰው ነው» አለኝ። ወሬያችን ከዚያ ማጅራት ገትር ላይ ደረሰ።

በሽታ ሲገባ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ማን አመጣው?» ብለን ነው። ሐመሩ፣ በናው፣ አሪው፣ ሙርሲው ገበያ ላይ በሚገናኙበት በደቡብ ኦሞ ይህ ጥያቄ አደገኛ ነው፤ ጣት ለመቀሰር ይመቻል። በህዳር 2018 ዓ.ም ጂንካ ላይ ማርበርግ ሲገኝ ጥያቄው ሥራ ነበረው። ማርበርግ የያዘው ሰው ምልክት ሳያሳይ ስለማያስተላልፍ፣ የነካውን ሰው አንድ በአንድ መከታተል ይቻላል። ማጅራት ገትር ግን እንዲህ አይደለም።

ቫይክሰልባውም የተባለ ሐኪም ቪየና ላይ ባክቴሪያውን የለየው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። ቆይቶ ጉድ ተሰማ፤ ባክቴሪያው ምንም ባላመማቸው ሰዎች ጉሮሮ ውስጥም ተገኘ። ከከብት አይመጣም፣ ከውሃ አይመጣም። ቤቱ የሰው አፍንጫና ጉሮሮ ብቻ ነው። ሳምንታትና ወራት ከእንጥል ጀርባ ተቀምጦ ባለቤቱን ሳይነካ ሊሄድ ይችላል። ከብዙ ተሸካሚዎች መካከል ደም ውስጥ ገብቶ ማጅራት የሚገትረው ጥቂቶቹን ነው፤ እነዚያን ግን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ያገራችን ሰው ልጁን ሲያመው እንጥል ያስቆርጥ ነበር። ጉሮሮን መጠርጠሩ ልክ ነበር፤ ምላጩ ነው ስህተቱ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግሎቨር የተባለ እንግሊዛዊ የጦር ሐኪም የወታደሮችን ጉሮሮ እየመረመረ አንድ ነገር አስተዋለ። አልጋዎቹ ሲጠጋጉ ተሸካሚው ይበዛል፣ በሽታውም ይከተላል። አልጋዎቹን አራርቆ መስኮት ሲያስከፍት ተሸካሚው ቀነሰ።

በእኛ አገር 1981 ሁለቴ ክፉ ዓመት ነው። በፈረንጆቹ 1981 (በእኛ 1973 ዓ.ም) ወደ 50 ሺህ ሰው ታመመ። በእኛ 1981 ደግሞ፣ ማለትም በፈረንጆቹ 1989፣ ከ40 ሺህ በላይ። ወረርሽኙ የሚነሳው በበጋ፣ አቧራና ደረቅ ንፋስ ጉሮሮን ሲልጥ ነው። ያኔ የነበረው ክትባት የተከተበውን ለጥቂት ዓመት ይጠብቃል እንጂ ባክቴሪያውን ከጉሮሮ አያስወጣም ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. ቡርኪና ፋሶ ላይ የተጀመረው ሜንአፍሪቫክ ግን ተሸካሚነትንም ይከለክላል። ዋጋው ከግማሽ ዶላር በታች ነበር። ኢትዮጵያም ከ2013 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በየዙሩ ከ1 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ከተበች። ወረርሽኙን ሲያስነሳ የኖረው «ኤ» የተባለው ዝርያ ከዚያ በኋላ ድራሹ ጠፋ ማለት ይቻላል። ደብሊው፣ ሲ፣ ኤክስና ዋይ የሚባሉት ዘመዶቹ ግን አሁንም አሉ።

በ2014 እ.ኤ.አ. አርባ ምንጭ አካባቢ ከ7 ሺህ በላይ ጤነኛ ሰዎች ጉሮሯቸው ተመርምሮ፣ ከመቶው 6.6 የሚሆኑት ተሸካሚ ሆነው ተገኙ። አብዛኞቹ የያዙት ጉዳት የማያደርስ ዓይነት ነው። ይህን ስሰማ አውቶብሱን ዞር ብዬ አየሁት። ስልሳ ያህል ነን። በዚያ ስሌት አራት ሰው። ከአራቱ አንዱ እኔ ብሆንስ? ማን አመጣው ቢባል፣ ማንም አላመጣውም፤ ሁላችንም እየተቀባበልነው ነው። ስለዚህ የሚያዋጣው መወቃቀስ ሳይሆን መከተብና አየር ማስገባት ነው፤ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና የማጅራት መገተር የታየበትን ደግሞ ነገ ሳይሉ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ማድረስ።

ስመለስም መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። ወይጦ ላይ ስከፍተው ሌላ እናት «ዝጋው ልጄ» አሉኝ።

«እማማ፣ ትንሽ ብቻ» አልኳቸው።